ታዛቢ የበላው የፋሲካ ወጥ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ነው። እኔ የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበርኩ። ያን ዓመት የክርስቲያኑ ፋሲካ በረመዳን መጨረሻ ላይ ዋለ። እነሱ ሁዳዴያቸውን ሲፈቱ እኛ ዒዳችንን ገና እየጠበቅን ነበር። ነገሩ የሆነው በዚያው በፋሲካው እሁድ ነው።

የምኖር ኮምቦልቻ ነው። ዕድሜዬን ወፍጮ ቤት ፈጅቼ፣ በስተርጅና ግቢዬ ውስጥ ክፍል ቀጣጥዬ ለፋብሪካ ሠራተኛ አከራያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ስለዚህ ፊደሌን ተዉትና ነገሬን ያዙልኝ። ሚስቴ ዘይነባ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሞተችብኝ። ልጅ አልሰጠንም። ሰዉ ከለቅሶ ወደየቤቱ ሲመለስ ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና አንድ ውሻ ነን።

ውሻውም የሷ ነው። ከወንዝ ዳር የራሰ ቡችላ በሻሿ ጠቅልላ ስታመጣው ተቆጣሁ። «ውሻ ያለበት ቤት መላይካ አይገባም» ብላት፣ «ውሻው ግቢ ነው የሚያድር፣ መላይካው ቤት ይግባ፤ በሩ ክፍት ነው» አለችኝ። ስሙን ታዛቢ አለችው። እኔ ስቆጣ ፀጥ ብሎ ዓይን ዓይኔን ያይ ነበርና ነው። በኖረበት ዘመን ሁሉ እጄን አላሳረፍኩበትም። ለሃጩ ከነካህ ዕቃህንም ልብስህንም በአፈር ጭምር ሰባት ጊዜ ማጠብ አለ፤ ማን ይሄን ይፈልጋል? እሷ ከሞተች ወዲህ ግን የውጭው በር በተንኳኳ ቁጥር ይነሣል፣ እኔ መሆኔን ሲያይ ተመልሶ ይተኛል። አልፈረድኩበትም። እኔም በሩ ሲንኳኳ እንደሱው ነኝ።

በመስከረም ውባለም የምትባል ልጅ ክፍል ተከራየችኝ። ከጎጃም ገጠር ናት፤ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። አባቷ ሞቶባታል። ሳላስፈቅዳት «አባባ» ብላ ጀመረች። ውሃ ስትቀዳ የኔንም ጀሪካን ትሞላለች። ተይ ብላት አትሰማም፤ ግትርነቷ ከኔ አያንስም።

ለገና የዶሮ ወጥ በሳህን ይዛልኝ መጣች። እንግዲህ ወሎ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ሠርግም ይሁን ለቅሶ ለየብቻው ይታረዳል፣ አብሮ ይዋላል። እኛ አገር ይህን ለማንም መንገር የለም፣ ሕፃን ሆነን ነው የምናውቀው። ውባለም ግን ባደገችበት ቀበሌ እስላም ጎረቤት አልነበራትም። ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ በርቶ በሬ ላይ ስትቆም ምን ልበላት? የበዓል ሳህን መመለስ ነውር ነው። ምግብ መድፋትም ኒዕማን፣ የአላህን ጸጋ፣ መርገጥ ነው። የሚቀረው ውሻ ነው። ሰፈራችን እንዲህ ያለ ሳህን ሲመጣ ሁሉም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ ማንም ተሸማቅቆበት አያውቅም። ታዛቢ ከነአጥንቱ ላሰው። እኔ ሳህኑን አጥቤ፣ ባዶውን አይመለስም ብዬ ስኳር አድርጌበት መለስኩ። «ጣመዎት አባባ?» ስትለኝ «እጅሽ ይባረክ» አልኳት። ይሄ ምርቃት ነው፣ ውሸት አይደለም። እሷ ግን በላሁ ብላ ያዘችው።

ለፋሲካ ታዲያ አጥብቃ መጣች። ከዙህር ሰላት መልስ በሬ ላይ በክዳን የተሸፈነ ሳህን ይዛ ቆማለች።

«ጾም ላይ መሆንዎን አውቃለሁ አባባ፤ ለማፍጠሪያ ይሁንዎት። ፈረሰኛውን ለእርስዎ አድርጌዋለሁ።»

ፈረሰኛ ማለት ከዶሮው ብልት ለአባወራው የሚቀመጠው ነው። «አባቴ ካለፈ ወዲህ ፈረሰኛ ለማን እንደሚወጣ ጠፍቶን ነበር» አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች።

ሳህኑን ይዤ ከጓሮ ዞሬ ለታዛቢ ገለበጥኩለት። ምን ላድርግ?

ብዙም ሳይቆይ ግቢው ውስጥ የሚያንቋርር ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ ታዛቢ አንገቱን ዘርግቶ ያስታውካል፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። አፉን በፊት እግሩ ይፍቃል። መንጋጋው አልገጥም ብሎት ለሃጩ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። ውባለም ውሃ አቀረበችለት፤ አፉን ነክሮ መዋጥ አቃተው፣ ውሃው በአፍንጫው ተመለሰ። አንድ ሰው ግቢ ገብቶ መርዝ የጣለለት መሰለኝ። አጥንቱ ትዝ አላለኝም። ለዓረፋ የበግ ቅልጥም እየሰባበረ ኖሯል፤ ውሻን አጥንት ያንቀዋል ቢሉኝ እስቅ ነበር።

ድምፁን ሰምቶ የጎረቤቴ መሐመድ በአጥሩ አሻግሮ አየ። መሐመድ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ አፉ ስል ነው። ለሃጩን እንዳየ ዱላ ይዞ በበሩ ገባ።

«ይመር፣ ይሄ አብዷል። ልጆች መንገድ ላይ ናቸው። ሰው ሳይነክስ ይገላገል።»

ውባለም ከውሻው ፊት ቆመች። መሐመድ ዱላውን አላወረደም። ስለ እብድ ውሻ የሚለው ሐሰት አይደለም፤ እኛ አገር በዚያ የሞተ ሰው አይተናል። እኔ ግን ጋቢዬን አውልቄ ታዛቢን ጠቀለልኩት። አነሣሁት። ከበግ ይከብዳል። ልቡ ክንዴ ላይ ይመታል።

«ዘይነባ በነበረች ጊዜ በእግርህ እንኳ አትነካውም ነበር» አለኝ መሐመድ፤ «ዛሬ በጾም አፍህ ልታዝለው ነው?»

«አዎ» አልኩት፤ «መንገድ ልቀቅ።»

የከብት ሐኪሙ ቤት እሁድም በዓልም ሆኖ ተዘግቷል። ዘበኛው፣ ዶክተሩ ፋሲካን ደሴ እናቱ ዘንድ እንደሚውል፣ ቤታቸውም ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር መሆኑን ነግሮ ምልክቱን ለውባለም አስያዛት። መናኸሪያ ስንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ወደኔ ዞረ። ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ በረመዳን ውሻ ታቅፎ! አንዱ «አባባ፣ በጉ አረጀብዎት?» አለኝ። ሌላው ጫማውን ሰበሰበ። ሾፌሩ ሰው እንጂ ውሻ አልጭንም አለ። ውባለም ለመነችው፤ በኋላ ስታለቅስ ፊቱን አዞረና የኋላ ወንበር ላይ አፉን ሸፍነን እንድንቀመጥ ፈቀደ። «እናቴም እንዲህ ያለች ናት፣ ውሻ ሲሞትባት ቤት አይበሰልም» አለ ሞተሩን እያስነሣ።

የደሴ ዳገት ጠመዝማዛ ነው። መኪናው በዞረ ቁጥር ታዛቢ እጄ ላይ ያቃስታል። ትንፋሹ እየቆራረጠ ሲመጣ ዱዓ አደረግሁ። ለውሻ ዱዓ ይደረጋል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሼህ አይደለሁም።

ውባለም እጇን ጋቢው ላይ አድርጋ፣ ነገር ለማስረሳት ይመስለኛል፣ ማውራት ጀመረች። በፋሲካ ብቻዋን ሆና ስታውቅ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችኝ። ዶሮውን ሌሊት ሠርታ ጨርሳለች፤ እስካሁን ግን አልቀመሰችውም።

«ያን ሁሉ ቀን ጾመሽ? ለምን?» አልኳት።

«ብቻዬን አይወርድልኝም። እርስዎ ሲያፈጥሩ እኔም በሬ ላይ ቁጭ ብዬ ልበላ ነበር። በየደጃችን ብንሆንም ወጡ አንድ ነው ብዬ።»

መስኮቱን አየሁ። እሷን ማየት አቃተኝ።

ቧንቧ ውሃ ስንደርስ ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ግቢው በእንግዳ ሞልቷል፣ ሳቅ ውጭ ድረስ ይሰማል። እኔን በር ላይ ሲያዩ አንድ ሞቅ ያለው አጎት «ሄኖክ፣ ታካሚህ ድርሻውን ሊበላ መጥቷል» ብሎ አሳቃቸው። ዶክተር ሄኖክ ወጣት ነው፣ አፉን በፎጣ እየጠረገ ወጣ። የታዛቢን አፍ እንዳየ ሳቁ ጠፋ። ሰዉን ወደ ቤት አስገባ፣ በሩን ዘጋ። ታዛቢን በረንዳው ላይ አስተኝቼ እንድይዘው ነግሮኝ፣ ራሱ ከበላያችን ቆመ።

ጓንት አጠለቀ፣ ግን እጁን አላስጠጋም። ነክሷችኋል ወይ አለ፤ አልነከሰንም አልን። ተከትቧል ወይ አለ፤ ሚስቴ ነበረች የምታስከትበው፣ ከሞተች ወዲህ እንዳላስከተብኩት ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ።

«አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ለሃጩ እንዲህ የሚወርድ፣ መዋጥ ያቃተው ያልተከተበ ውሻ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማስበው እብደትን ነው። እሱ ደግሞ ለሰው ሞት ነው። እንዲህ ሆኖ አፉ ውስጥ እጄን አልከትም። ሳይሠቃይ እንዲያርፍ ነው የማደርገው።» ቀጠለና «አንድ ነገር ብቻ ይለውጠዋል። ዛሬ ሊያንቀው የሚችል ነገር በልቷል? አጥንት? የዶሮ አጥንት?» አለ።

ውባለም ቀድማኝ መለሰች። «አልበላም ዶክተር። ከማለዳ ጀምሮ ግቢ ነኝ። ዶሮ የሠራሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ አልጀመርኩትም፣ ከድስቱ የወጣው የአባባ ብቻ ነው። እሱም ለማፍጠሪያ ቤታቸው ተቀምጧል።»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ከሥራ ቦርሳው መርፌውን ሊያመጣ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ሄደ።

ታዛቢ ያየኛል፤ እንደ ድሮው ፀጥ ብሎ። ውባለምም ታየኛለች። ባወራ የልጅቱ ፋሲካ እዚያው በረንዳ ላይ ይፈርሳል፤ ዝም ብል የዘይነባ ውሻ ይሞታል።

«ቆይ» አልኩ። «በልቷል።»

«ምን?»

«ዶሮ። ለኔ የመጣውን።»

«አጥንቱን አውጥተው ነው የሰጡት?»

«ሁሉንም ሰጠሁት። ፈረሰኛውን ከነአጥንቱ።»

ውባለም እጇን ከጋቢው ላይ አነሣች፣ ያን ብቻ ነው ያየሁት።

ዶክተሩ ግን ሮጠ። የሚያስተኛ መርፌ ወጋው፤ ታዛቢ እጄ ላይ ሲላላ ነፍሱ የወጣች መስሎኝ ቢስሚላህ አልኩ። ዶክተሩ መንጋጋውን ፈልቅቆ፣ ረጅም መቆንጠጫ ይዞ፣ «መብራት ያዙልኝ» አለ። የኔ ሁለት እጅ ታዛቢን ይዟል። ውባለም ስልኳን አበራች፣ ተንበረከከች፣ ያዘችለት። እንባዋ ጓንቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ እጇ ግን ቀጥ ብሏል። ዶክተሩ ፈለገ፣ ሳተ፣ ደግሞ ፈለገ። በመጨረሻ ጉሮሮው ውስጥ ተሰንቅሮ የነበረ ስንጥር አጥንት መዞ አወጣ። ሁለቱም ጫፉ እንደ ወስፌ ሾሏል።

ታዛቢ አየር ሳበ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ወፍጮ እንኳ እንዲያ ተነሥቶ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዶክተሩ እጁን እየታጠበ መከረኝ፣ እኔም ተከራከርኩት። የአባቶቻችን ውሾች ሁሉ አጥንት በልተው ነው የኖሩ አልኩት። «የሞቱትን ማን አስታወሳቸው?» አለኝ። ጥሬ አጥንትና የበሰለ አንድ አይደለም፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር መርፌ ይሆናል አለ። ወጡም ቢሆን ግማሹ ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ይበላል፤ ስለዚህ እስኪነጋ እዚሁ ሆኖ ድዱ እንዳይነጣ፣ ሽንቱ እንዳይጠቁር ማየት አለብኝ አለ። ስለ ዒዳችንም አልቀረም፤ ዘቢብና ቸኮሌት መርዙ ነው፣ የተምር ፍሬ አንጀቱን ይዘጋል፣ ከሳምቡሳው አታቅምሱት ብሎ አስጠነቀቀኝ። በዓል በመጣ ቁጥር ቤቱ ውሻ ነው የሚሰለፈው አለ።

ውባለም ከበረንዳው ወርዳ ደረጃው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ እንዲያ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አይወድም።

«የገናውንስ?» አለችኝ ሳትዞር።

«እሱንም ታዛቢ ነው የበላው።»

«ለጥምቀት የሰጠሁዎት ድፎ ዳቦስ?»

«ድፎውን እኔ በላሁት። ወላሂ፣ ለሱ ፍርፋሪ አልደረሰውም።»

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያን ጊዜ ስለ መታረዱ፣ ስለ ቢስሚላው፣ እኔ ያረድኩትንም እሷ እንደማትበላ አስረዳኋት። ወጧን ንቄ እንዳልሆነ ነገርኳት።

«አንድ ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት አባባ?»

«ፊትሽን ፈራሁ።»

«የኔን ፊት?»

«በርቶ ነበር። ዘይነባ ከሞተች ወዲህ በሬ ላይ እንዲያ በርቶ የመጣ ሰው የለም። ላጠፋው አልደፈርኩም።»

ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደች። ከደረጃው አልተነሣችም።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ የዶክተሩ እናት ወይዘሮ ጥሩነሽ ተምርና ውሃ ይዘው ብቅ አሉ። እጄና ክንዴ ላይ ለሃጭ ደርቆ አዩ። ደሴ ያረጁ ናቸው፣ ምንም አልጠየቁኝም፤ ከአበባ ማሰሮው አፈር ዘግነው እጄ ላይ አደረጉ፣ ጆግ ይዘው ያፈሱልኝ ጀመር። ስቼ ስድስት ላይ ባቆም «አንድ ይቀራል ሐጂ» አሉኝ። ሐጅ አልሄድኩም፤ ያን ዕለት ግን አላረምኳቸውም። ቀጥለው ውባለምን ወደ ጓዳ ወስደው አንድ መደርደሪያ አሳዩዋት። ለእስላም እንግዳ ብቻ የሚቀመጥ ሳህንና ድስት ነው፣ ሥጋቸው ነክቶት አያውቅም። በዚያ ሳህን ሽሮ አቀረቡልኝ። ለውባለም የራሳቸውን ዶሮ በሌላ። ውባለም ፋሲካዋን እዚያ፣ ከኔ አጠገብ፣ በየሳህናችን ፈታች። ታዛቢ እግራችን ሥር ተኝቶ ያንኮራፋል። ወይዘሮ ጥሩነሽ በዓል ሆኖ እንግዳ ከቤቴ አይወጣም ብለው እዚያው አሳደሩን።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ውሻ ካላችሁ የዶክተሩን ምክር ያዙ። በዓሉ ለሰው ነው፤ ለውሻ የየዕለት ምግቡን ስጡት፣ ደስ ይለዋል። ቅር አይለውም፣ በዓል አይቆጥርም። እኔ ግን ከዚያ ቀን የያዝኩት ሌላም ነገር ነው። ሰው በፍቅር የሰጣችሁን ነገር መቀበል ባትችሉ፣ አልችልም በሉት። ለኔ ነውር የመሰለኝ እሱ ነበር፤ እውነቱን ስናገር ግን የተሰበረ ነገር አላየሁም። ልጅቱ አልሄደችብኝም። ብትሄድም ኖሮ እውነቱን ይዛ ነበር የምትሄድ። ዝም ብዬ ግን ፊቷን እያበራሁ ከርሜያለሁ፣ ሆዷን ግን ብቻውን ትቼው ነበር። ሽማግሌ ሆኖ ይህን መማር ያሳፍራል የሚል ካለ ይበል። እኔ አላፈርኩም።

በነጋታው ሰኞ ነው። ዶክተሩ የታዛቢን ድድ አየ፣ ቀይ ነው፣ ሽንቱም ደህና ነው አለ። አልሐምዱሊላህ ብዬ፣ ሁለቱን እዚያው ትቼ በእግሬ ወደ ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ሰዉ እየገፋኝ ድስት የሚሸጡበት ጋ ደረስኩ፣ መካከለኛ አዲስ ድስት መረጥኩ። ሻጯ «ሽማግሌ ድስት ሲገዛ ሊያገባ ነው» ብላ ጎረቤቷን አሳቀች። እንቁላልም ጨምሬ በጭድ አስጠቅልዬ፣ ድስቱ ውስጥ አድርጌ ተመለስኩ።

ውባለም በር ላይ ታዛቢን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። ድስቱን ሰጠኋት።

«ይሄ የኔንም ያንቺንም ሥጋ አያውቅም» አልኳት። «እንቁላል አያርዱትም። የማታውን ወጥ በሱ ሥሪ።»

ክዳኑን ከፍታ አየች፤ ዘጋችው።

«ማን ሊበላው ነው?»

«እኔ» አልኳት። «አንቺ ፊት ቁጭ ብዬ።»